ሸሚዝዎን ገለጥ ያድርጉልኝ

አባባ የጥበቃ ሠራተኛ ናቸው። ከቃሊቲ ወዲያ አንድ መጋዘን በር ላይ ያድራሉ። በቀጠሮ ቀን ጠዋት ከሥራ ወጥተው በቀጥታ እኛ ጤና ጣቢያ ይመጣሉ። በባዶ ሆድ ሲለኩ ስኳራቸው ከ250 አይወርድም። ከ80 እስከ 130 ቢሆን ነበር ደስ የሚለን። በየቀጠሮው ኢንሱሊን ይጨመርላቸዋል። ከ24 ዩኒት ተነስቶ በቀን 46 ደርሷል።

አንድ ቀን ከሐኪሙ ክፍል ሲወጡ ፊታቸው ጠቁሯል። «ሲስተር፣ ጣፋጭ ይበላሉ አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ ልዋሽ?»

አመንኳቸው። ሻይ እንኳ ያለ ስኳር እንደሚጠጡ አውቃለሁ። የጠዋቱን ትምህርት እንደሳቸው በጥሞና የሚከታተል የለም።

«እስቲ እንዴት እንደሚወጉ ያሳዩኝ» አልኳቸው።

ከፌስታላቸው ብልቃጡን አወጡ። ነጩን ኢንሱሊን በመዳፋቸው መሀል ቀስ አድርገው አንከባለሉት። ልኩን ሳቡ። አረፋውን መታ መታ አድርገው አወጡት። ምንም እንከን የለውም።

«የት ላይ ነው የሚወጉት?»

«ሆዴ ላይ ነዋ።»

«ሸሚዝዎን ገለጥ ያድርጉልኝ።»

ከእምብርታቸው በስተቀኝ የግማሽ ሎሚ ያህል አብጧል። በጣቴ ስጫነው ጠንከር ይላል።

«ያመዎታል?»

«ኧረ ምንም! ለዚህ እኮ ነው እዚችው የምወጋው። ሌላ ቦታ ያመኛል።»

ነገሩ ይኸው ነው። ጠዋት ማታ አንድ ቦታ ሲወጋ ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ያብጣል፤ ሕመሙም ይቀንሳል። ሰው የማያመውን ቦታ ቢመርጥ ምን ይገርማል? ግን እዚያ የገባ ኢንሱሊን እንደ ልብ ወደ ደም አይሄድም።

ወደ ሐኪሙ ይዣቸው ተመለስኩ። ዳሰሰና «ቀድመው ሊነግሩን ይገባ ነበር» አለ።

«ዶክተር፣ ማን ጠየቃቸው?» አልኩት። ንዴቴን መደበቅ አልቻልኩም። ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል። መድኃኒት ሲጨመር ሸሚዛቸውን የገለጠ ሰው የለም።

መጠኑን ወደ 36 አወረደው። ይህ የግድ ነው። ያው 46 ጤነኛ ቦታ ላይ ቢወጋ ስኳሩ ከ70 በታች ሊወርድ ይችላል፤ እሳቸው ደግሞ ሌሊቱን ብቻቸውን ናቸው። እኔም ቦታ መቀያየሩን አስተማርኳቸው። አንድ ሳምንት ሆድ በግራ፣ ቀጥሎ ጭን፤ በየመሀሉ አንድ ጣት መራቅ፤ እብጠቱን ጨርሶ አለመንካት። ለማንኛውም ኪሳቸው ስኳር እንዲይዙም ነገርኳቸው።

በቅርቡ ሲለኩ 141 ሆነ። ያየቻቸው ሌላ ባለሙያ ነበረች። ካርዱን ገልጣ «ምክር አይቀበሉም ይላል እዚህ» ብላ ጀመረች። አባባ ዞረው አዩኝ።

«ሰርዢው» አልኳት።

«ካርድ ላይ የተጻፈ አይሰረዝም፣ ሲስተር።»

«እንግዲያው ከሥሩ የሚወጉበት ቦታ አብጦ ነበር ብለሽ ጻፊ።»

ጻፈች።