ከኮምቦልቻ ወደ ጅቡቲ ለሚወርድ፦ የግንቦትና የሰኔ አየር

ግንቦት ከተጋመሰ በኋላ ከኮምቦልቻ ተነስቶ በባቲና በሚሌ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ሾፌር በአንድ ጉዞ ሦስት ዓይነት አየር ያልፋል። አብዛኛው ሰው ስልኩ ላይ የሚያየው የሙቀቱን ቁጥር ብቻ ነው። ለዚህ መንገድ ግን ከቁጥሩ በላይ ሁለት ነገር ማወቅ ይጠቅማል፤ አንዱ አየሩ የያዘው እርጥበት፣ ሁለተኛው ደጋው ላይ ዝናብ መኖር አለመኖሩ።

እርጥበቱን ጀሪካን ያሳያል። የውኃ ጀሪካን በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ፣ ጥላ ውስጥ ነፋስ በሚያገኘው በኩል ይሰቀል። ሰመራ ላይ በ42 ዲግሪ ጆንያው ቶሎ ቶሎ ይደርቃል፣ ውስጡ ያለው ውኃ ግን ይቀዘቅዛል፤ ከጆንያው የሚተነው ውኃ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳልና። ያው ጀሪካን ጅቡቲ ወደብ አጠገብ በ35 ዲግሪ ቢሰቀል ጆንያው ጠብ ጠብ እያለ ይውላል፣ ውኃውም ለብ እንዳለ ይቀራል። የሰው ቆዳም እንደዚያው ነው። 35 ዲግሪ ከ65 በመቶ እርጥበት ጋር ሲገጥም ሰውነት ላይ 47 አካባቢ ሆኖ ይሰማል፤ ላቡ ይወርዳል እንጂ አይተንም። በረሃው ላይ እርጥብ ፎጣ አንገት ላይ ማድረግ በደንብ ይረዳል፣ ባሕሩ ዳር ግን ጥላ፣ ነፋስና እረፍት ካልተጨመረበት ብዙ አይረባም።

የሚሌን ሙቀት ከኮምቦልቻ ሆኖ መገመት ይቻላል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሚሌ 500 ሜትር እንኳ አትሞላም። ደረቅ አየር በየ100 ሜትሩ ቁልቁለት 1 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ቀትር ላይ 28 ከሆነች ሚሌን 41 እና 42 ብሎ መያዝ ነው። ሰኔ ሲገባ ይብሳል፤ በልጉ አልቆ ክረምቱ ገና ስላልገባ ኮምቦልቻም ራሷ ዓመቱን ሁሉ የማይታይባትን ሙቀት የምታየው ያኔ ነው። አፋሮች ይህን ደረቅ ወቅት ሃጋይ ይሉታል፣ ዋናው ዝናባቸው ካርማ እስኪገባ ድረስ።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት የተነሳ መኪና የባቲን ቁልቁለት በቀዝቃዛ ፍሬን ይወርዳል፣ ሚሌንም ፀሐይ ሳትከር ያልፋል። ከረፋዱ 5 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ድረስ አስፋልቱ ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ስለሚችል ጎማ የሚጎዳው ያኔ ነው። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። ጎህ ሲቀድ በ15 ዲግሪ 110 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ ግፊት መለኪያ) የተሞላ ጎማ 40 ዲግሪ አየር ውስጥ ሲገባ ከመንከባለሉ የሚመጣው ሙቀት ሳይቆጠር እንኳ በ10 ያህል ይጨምራል (ቆላው ላይ የውጭው አየር ስለሚከብድ ከዚያ 2 ያህሉ ይመለሳል)። ጎማው ሲሠራ ይህ ጭማሪ ታስቦለታል። ሚሌ ላይ ቆሞ የጋለ ጎማ ማስተንፈስ ግን ችግር ይፈጥራል፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ንፋሱ ያንሳል፣ በማግስቱ ጎኑ በየዙሩ እየተጣጠፈ ይግላል፣ በመጨረሻም ይፈነዳል። ከጥንዱ ጎማ የውስጠኛው ደግሞ አይታይም፤ ረዳቱ በእንጨት ቢመታው የ20 ፒኤስአይ ጉድለት በድምፅ አይለይም። በመለኪያ፣ ከመነሳት በፊት፣ ሁሉም ጎማ ይለካ።

ውኃ ለአንድ ሰው በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ፣ ማለትም በሰዓት ከ¾ እስከ 1 ሊትር፤ ከ1.5 ሊትር በላይ አይኬድም። ላብ ሲበዛ አንድ ከረጢት ኦአርኤስ (በላብ የወጣውን ጨው የሚተካ ዱቄት) በ1 ሊትር ውኃ ይበጠበጥ። ሰውነቱ ግሎ ንግግሩ የተምታታበት ሰው ካለ አስቸኳይ ነው፤ ጥላ ውስጥ ይተኛ፣ ልብሱ ይላላ፣ ውኃ እያፈሰሱ ያራግቡለት፣ ወደ ጤና ጣቢያም ይወሰድ። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይሰጥም።

ደጋው ላይ ዝናብ ሲኖር በረሃው ሰማዩ ጠርቶም አያስተማምንም። የሚሌ ወንዝ የሚነሳው ከወሎ ደጋ ነው። ከሰዓት በኋላ ላይ የዘነበው የመጨረሻ የበልግ ዝናብ ታች የሚደርሰው ዘግይቶ፣ ብዙ ጊዜም በጨለማ ነው። ከደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ ጥላ አለ ብሎ ማቆምና መተኛት ስለዚህ ነው የሚያስፈራው። ጎርፉ ሲመጣ ፊቱ ላይ ቅጠል፣ ጭራሮና ቡናማ አረፋ ይገፋል፤ ያንን ያየ ሰው ዕቃ ለመሰብሰብ ጊዜ የለውም። 60 ሴንቲሜትር የሚፈስ ውኃ አብዛኛውን የቤት መኪና ይወስዳል።

አቧራውም ከዚያው ዝናብ ይመጣል። ደመናው ሥር እንደ ጠጉር የተንጠለጠለ፣ መሬት ሳይደርስ የሚያልቅ ዝናብ ከታየ፣ ያ ዝናብ ሲተን አየሩን አቀዝቅዞ ያከብደዋል፣ አየሩም ወርዶ አሸዋውን እንደ ግድግዳ እየገፋ ይመጣል። ከአስፋልቱ ርቆ መቆምና መብራት ማጥፋት ይሻላል፤ በራ ከሆነ ከኋላ የሚመጣው መንገዱ መስሎት ይከተላል።

ባሕሩ ዳር በዚህ ወቅት ዝናብ ብርቅ ነው፤ አንዳንዴ ግን የዓረቢያ ባሕር አውሎ ነፋስ ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ይገባል። ሳጋር የተባለው ግንቦት 11 ቀን 2010 ሶማሌላንድ ላይ ሲያርፍ ጅቡቲ ከተማን በጎርፍ አጥለቅልቋል። የአውሎ ነፋስ ስም በዜና ከተሰማ ከኮምቦልቻ መነሳቱን ሁለት ቀን ማዘግየት ኪሳራው ትንሽ ነው።

ለነጋዴው ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው ሲመለስ ነው። ጅቡቲ ላይ የተዘጋ ኮንቴይነር የባሕሩን እርጥብ አየር ይዞ ይመጣል፣ ኮምቦልቻ ደርሶ ሌሊቱ ወደ 14 ዲግሪ ሲወርድ የጣሪያው ቆርቆሮ ከውስጥ ያልበዋል፣ ጠብታውም የላይኛው ጆንያ ላይ ይወርዳል። ስኳርና ዱቄት ይጓጉላል፣ ብረት ይዝጋል። ዩሪያ ከ70 በመቶ በላይ እርጥበት ባለበት ራሱ ውኃ ይስባል፤ የተቀደደ ጆንያ ቶሎ ይለይ። ወደቡ ላይ እርጥበቱ የሚበዛው ንጋት ላይ ስለሆነ ለዕቃው ቀትር መጫን ይመረጣል፣ ለጫኚው ግን ያ ሰዓት ከባድ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ማድረግ ለሁለቱም ይሻላል። ኮምቦልቻ ደርሶ ማሸጊያው እንዲፈታ ሲፈቀድ በሩ የሚከፈተው በማለዳ ሳይሆን ፀሐይ ቆርቆሮውን ካሞቀችው በኋላ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ ነው፤ ያኔ ውስጥ ያለው እርጥበት ወደ ደረቁ አየር ይወጣል።