ለአሮጊቷ ባክሆ ርካሽ ዘይት ፍለጋ

የሱሉልታን የታኅሣሥ ጠዋት የቀመሰ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ከእንጦጦ ጀርባ ነን፣ ሜዳው ውርጭ ለብሶ ነው የሚያድረው፣ እኔና የሚስቴ ወንድም በሽርክና የገዛናት አሮጊት ባክሆ (ከፊት አካፋ፣ ከኋላ መቆፈሪያ ክንድ ያላት ማሽን) ደሞ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እንደ ሰው ታቃስታለች። ሞተሯ ወዲያው ይነሳል፣ እሱ ችግር የለም፣ ግን ሃይድሮሊክ ፓምፑ፣ ዘይት በግፊት እየላከ ክንዶቿን የሚያንቀሳቅሰው ማለት ነው፣ ዊዊዊ እያለ ያፏጫል፣ ቡሙን (ትልቁን ክንዷን) ከፍ ልታደርግ ዘንጉን ስትስብ ትንሽ አስባ ነው እሺ የምትለው። በሷ ነው እንጀራ የምንበላው፣ የመሠረት ቁፋሮ፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ፣ ገረጋንቲ መበተን፣ የተገኘውን ሁሉ።

ታሪኩ የሚጀምረው ከዘይት ዋጋ ነው። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ዋጋው ሽቅብ ወጣ፣ ዘይትም አብሮ። የኛ ማሽን ሃይድሮሊኳ ወደ 120 ሊትር ይይዛል፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 6 ማለት ነው፣ ይሄን በአንዴ ከኪስ ማውጣት ለኛ ቀልድ አይደለም። የሰፈራችን መካኒክ ያኔ ምን አለን፣ ሞተር ዘይት 40 ሙሉባት፣ ወፈር ስለሚል በሲሉ (ዘይቱ እንዳያመልጥ በሚዘጋው ጎማ) አያልፍም፣ የትም ቦታም ይገኛል። እሺ ብለን ሞላን። እንግዲህ ያ ፉጨት የመጣው ከዛ በኋላ ነው፣ እኛ ግን ለረጅም ጊዜ ፓምፑ አርጅቶ ነው ብለን ተቀምጠናል።

አንድ ማታ ዴንቨር ካለው ያጎቴ ልጅ ጋር በስልክ ስናወራ ጉዳዩን አነሳሁለት። እሱ ክረምት ሲመጣ ትርፍ ሥራው በረዶ መጥረግ ነው፣ ፒካፑ ፊት ላይ ትልቅ የግሬደር ምላጭ የመሰለ ነገር ገጥሞ የሱቆችን ፓርኪንግ ሌሊት ሲጠርግ ያድራል። ያንን ምላጭ የሚያነሳውና ወደ ጎን የሚያዞረው ሃይድሮሊክ ነው። ሳቀብኝ። «አንተ በብርድ አገር 40 ትሞላለህ እንዴ? እኛ ጋ ከዜሮ በታች 20 ሲገባ እንደዛ ያለ ዘይት የቀዘቀዘ ገንፎ ነው የሚሆነው፣ ብርድ ካለ መፍትሄው ቀጭን ነው፣ ቀጭን ፈልግ» አለኝ። የራሱንም ፎቶ ላከልኝ፣ ሰማያዊ ቀለም ያለው እንደ ውሃ የሚፈስ ነገር።

በማግስቱ ሄጄ ቀጭን አምጡ አልኩ። ቁጥር 32 ሰጡኝ። ለማያውቅ ሰው፣ ሃይድሮሊክ ዘይት ላይ 32፣ 46፣ 68 የሚለው ቁጥር ዘይቱ 40 ዲግሪ ሙቀት ላይ ያለው ውፍረት ነው፣ በሴንቲስቶክ ይለካል፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ወፍራም ነው። የሞተር ዘይት 40 ደሞ በሌላ ሚዛን የተሰጠ ቁጥር ነው፣ በሃይድሮሊኩ ሚዛን ሲታይ ወደ 150 ይጠጋል! መካኒኩ ወፈር ይላል ቢለንም፣ እኔ 40 ከ46 ያነሰ ስለሆነ ቀጭን ነው ብዬ ነበር ለዓመት ያህል የማስበው፣ ሳቁብኝ ግድ የለም።

ክንዶቹን የሚገፉትን ሲሊንደሮች ሁሉ ወደ ውስጥ ሰብስበን፣ የመመለሻ ቱቦዎቹን ፈትተን የቻልነውን ያህል አሮጌ ዘይት አወጣን (ታንኩን ብቻ ካወረዳችሁ ግማሹ ሲሊንደርና ቱቦ ውስጥ ቀርቶ ከአዲሱ ጋር ይደባለቃል)፣ ፊልትሮ ቀየርን፣ 6 ጀሪካን 32 ሞላን። በነጋታው ጠዋት ፉጨት የለ፣ ማቃሰት የለ፣ ቡሙ ላባ ሆነ። ያጎቴን ልጅ መርቄ መርቄ አልጠገብኩም።

ምርቃቱ የቆየው ዱከም ሥራ እስክናገኝ ድረስ ነው። ዱከም ከኛ በጣም ዝቅ ያለ ቦታ ነው፣ ይሞቃል፣ ማሽኗ ደሞ ከጠዋት እስከ ማታ ያለ ዕረፍት ጥቁር አፈር ስትቆፍር ነው የምትውለው። እስከ 4 ሰዓት ጥሩ ነበረች። 7 ሰዓት ላይ ባኬቷ (መዛቂያዋ) ጭቃውን ሞልታ መነሳት አቃታት፣ ጋዝ ስትሰጣት ብቻ ነው ቀስ እያለች የምትወጣው፣ ታንኩን በእጄ ብነካው ያቃጥላል። የሥራው ባለቤት ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ያን ቀን ግማሽ ቀን የሠራነው አልተቆጠረልንም፣ እኔም አልተከራከርኩ፣ ምን ብዬ።

እዛው ሳይት ላይ የግሬደር ኦፕሬተር የሆኑ አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ መንገድ ሥራ ላይ የኖሩ። መጡና ምንም ሳይናገሩ ቡሙን አስነስተው ሞተር አስጠፉኝ። ከዛ አንድ እንጨት ከባኬቱ ጥርስ አጠገብ አቁመው በድንጋይ ጭረት አደረጉበትና «ና ሻይ እንጠጣ» አሉኝ። 10 ደቂቃ ቆይተን ስንመለስ የባኬቱ ጥርስ ከጭረቱ ድፍን አንድ ስንዝር ወርዷል። «አየህ፣ ዘይቱ በውስጥ እየሾለከ ነው፣ ፓምፕህም ቫልቭህም ሲልህም በልተዋል፣ አዲስ ማሽን ቢሆን ይሄን ቀጭን ይሸከመው ነበር፣ ያንተ ግን ክፍተቷ ሰፊ ነው፣ ሲሞቅ ጭራሽ ውሃ ይሆንባታል» አሉኝ።

እኔም ዴንቨር በረዶ እንደሚጠርጉ ሰዎች ነው የሞላሁት አልኳቸው። ሳቁ። ማታ ሳስበው ነው የገባኝ። ያጎቴ ልጅ ልክ ነበር፣ ለሱ ማሽን። የሱ ፓምፕ በመኪና ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ነገር ነው፣ ዘይቱ ሁለት ሊትር አካባቢ ነው፣ ምላጩን ለጥቂት ሰከንድ ያነሳና ያርፋል፣ ውጪው ደሞ በረዶ ነው፣ ዘይቱ መቼም ሙቅ አይሆንም። የኔዋ ጠዋት ላይ ብቻ ነው ዴንቨር የምትሆነው፣ እኩለ ቀን ላይ ዘይቷ 70 ዲግሪ ቢደርስ አይገርመኝም።

ታዲያ ለምን ዝም ብዬ 68 አልሞላሁም? ጋሼን ይሄንኑ ጠየቅኳቸው። ለዱከም ይሆንሃል፣ ለሱሉልታ ጠዋት ግን አይሆንህም አሉኝ። ምክንያቱ ጥሩ ነው የነገሩኝ። ፓምፕ ዘይት የሚስብ ይመስለናል እንጂ እውነቱ ታንኩ ውስጥ ያለው አየር ነው ዘይቱን ገፍቶ ወደ ፓምፑ የሚያስገባው። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፣ የአየር ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል፣ በዛ ላይ ዘይቱ ቀዝቅዞ ሲወፍር ፓምፑ የሚፈልገውን ያህል ቶሎ አይደርስለትም፣ ፓምፑ ውስጥ ባዶ ቦታ እየተፈጠረ ጥቃቅን አረፋ ይሆንና ያ አረፋ ሲፈነዳ ብረቱን ይበላዋል። ያ ፉጨት እሱ ነበር። በሞተር ዘይት 40 ስንት ጊዜ ፓምፔን ሳስበላ እንደኖርኩ አስቡት። የማሽኗ መጽሐፍም እኮ 46 ነው የሚለው፣ ኦፕሬተሩ መቀመጫ ሥር ተጣጥፎ ተቀምጦ ነበር፣ ማን አነበበው።

እሺ 46፣ ግን 120 ሊትር 32 አሁን ሞልቻለሁ፣ ገና 3 ሳምንቱ ነው። ወርውሬ ሌላ 6 ጀሪካን ልገዛ? ቤት ስገባ ሚስቴ ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ። ጋሼ «እኩል በእኩል ቀላቅለው፣ 32 እና 68 ግማሽ በግማሽ ሲሆኑ 46 አካባቢ ይመጣሉ፣ የአንድ ካምፓኒ አንድ ዓይነት ብቻ ይሁኑ» አሉኝ። እውነትም የዘይት ውፍረት ስሌት ላይ መሀል ለመሀል ሳይሆን ትንሽ ወደ ቀጭኑ ያደላል፣ ስለዚ 50 ሳይሆን 46 ገደማ ይሆናል። ታንኩን ብቻ ሳወርድ 60 ሊትር ወጣ፣ ያው ግማሹ ማለት ነው፣ በቦታው 3 ጀሪካን 68 ብቻ መግዛት ነው የቀረኝ። የወጣውን 32 ንጹህ ጀሪካን ውስጥ ከድኜ አስቀመጥኩት።

3 ጀሪካን ለመግዛት መርካቶ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። እዛ አካባቢ ዞር ዞር ስል አንዱ ልጅ ከኋላ ጠራኝና በግማሽ ዋጋ 68 አለኝ አለ። ጀሪካኑ ላይ ስም የለ፣ ቁጥር የለ፣ የተመረተበት ቀን የለ። መግዛቴን ልደብቃችሁ አልችልም፣ አንድ ሊትር ብቻ ለሙከራ ገዛሁ፣ ግማሽ ዋጋ ሲባል እግር አይንቀሳቀስም። ሰፈር ስመለስ ሻይ የምትሸጠውን እትዬን ምጣድሽን አውሺኝ ብላት «ምጣዴን እንዳትነካ» ብላ አሮጌ የቆርቆሮ ክዳን ወረወረችልኝ። ከሰሉ ላይ አድርጌ በደንብ ካጋልኩት በኋላ ከዘይቱ ሁለት ጠብታ በሚስማር ጫፍ ጣል አደረግኩበት። ጭርርር ጠሽ ጠሽ አለ፣ እንደ ሽንኩርት። ውሃ አለበት ማለት ነው። ንጹህ ዘይት ዝም ብሎ ነው የሚጨሰው። ይሄን ስትሞክሩ ውጪ ይሁን፣ ጠብታም ብቻ ይሁን፣ ይረጫል። የቀረውን በሃይላንድ ላስቲክ አስቀምጬ አሳደርኩት፣ ጠዋት ሥሩ ላይ ጥቁር ዝቃጭ ተኝቷል። ከየት እንደተጣራ እግዜር ይወቀው። ለበር ማጠፊያ አደረግኩት።

በመጨረሻ ከነዳጅ ማደያ ነው የገዛሁት፣ እሽጉ ያልተነካ፣ ላዩ ላይ 68 እና ኤችኤም የሚል። ኤችኤም ማለት ብረት እንዳይፋተግ የሚከላከል ቅመም ያለበት ነው፣ አንዳንዱ ኤደብሊው ብሎ ይጽፈዋል፣ ነገሩ አንድ ነው። ስሙ የገነነውን መግዛት አያስፈልግም በኔ አስተያየት፣ ቁጥሩና ፊደሉ ከመጽሐፉ ጋር ከገጠመ፣ እሽጉም የታመነ ከሆነ ርካሹን ውሰዱ። ሌላ ደሞ፣ ፍሬን ዘይት እንዳትጨምሩ፣ እሱ የሌላ ዓለም ሰው ነው፣ የሃይድሮሊኩን ጎማ ሲሎች አሳብጦ ነው የሚያበላሻቸው። ሰው ሲጎድልበት እጁ ላይ ያገኘውን እየጨመረ አይቻለሁ።

ውጤቱስ? ጠዋት ለ10 ደቂቃ ሳትሠራ ሞተሯን አሞቃታለሁ፣ ቡሙን ባዶውን ቀስ እያልኩ ከፍ ዝቅ አደርጋለሁ፣ ፉጨቱ የለም። የእንጨቱን ሙከራ ደገምኩት፣ በ10 ደቂቃ አራት ጣት ያህል ወረደች። ያው ሲሉ አርጅቷል፣ ዘይት አያድሰውም።

አሁን ግን የምናደደው በሌላ ነው። ይሄ ሁሉ ሩጫ ርካሽ ዘይት ፍለጋ ነበር አይደል፣ ለካ በየሳምንቱ 5 ሊትር ስንጨምር ነበር የኖርነው። ጋሼ «ይሄ የት ይሄዳል?» ሲሉኝ ነው ያሰላሁት፣ በወር 20 ሊትር፣ አንድ ሙሉ ጀሪካን መሬት እያጠጣን ነበር። የሚያፈሰው የኋላ ክንዱ ላይ ያለ አንድ ቱቦ ነው። ፍሳሹን ስትፈልጉ ካርቶን አስጠጉ እንጂ እጃችሁን እንዳትሰዱ፣ በግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ለጣት መቆረጥ ነው የሚያደርሰው። ቱቦውን ፈትቼ ጫፉን ፕሬስ የሚያደርጉ ሰዎች ጋ ወስጄ በአንድ ከሰዓት አሠርቼ መጣሁ፣ ዋጋው ከግማሽ ጀሪካን በታች። በዛ ላይ የታንኩ መተንፈሻ ክዳን ከጠፋ ቆይቶ በፌስታል ነበር የታሰረው! ክረምት ሙሉ ዝናብ ሲገባበት የነበረው በዛ ነው፣ የድሮው ዘይት ወተት የመሰለውም ለዛ ነው። የሞተር ዘይት ደሞ ውሃውን አቅፎ ነው የሚዞረው፣ ሃይድሮሊክ ዘይት ግን ይለየዋል፣ ጠዋት ሞተር ሳይነሳ የታንኩን የሥር ብሎን ላላ ብታደርጉት መጀመሪያ ውሃው ነው የሚወጣው።

ከዛ ወዲህ ሁለት ወር ሆነ፣ የጨመርኩት 3 ሊትር ነው፣ ያውም ከተረፈው 32 ግማሽ፣ ከ68 ግማሽ እየቀላቀልኩ። ያጎቴ ልጅ ባለፈው ደውሎ «እንዴት ነው ቀጭኑ?» አለኝ፣ ጥሩ ነው አልኩት፣ በዶላር ልግዛልህ እንዳይለኝ። የማሽኗ የግራ መቆሚያ እግር ሲል ትንሽ እያላበ ነው፣ የሚስቴ ወንድም ከፋሲካ በኋላ እናስፈታው ይላል፣ እኔ አሁኑኑ እያልኩ ነው።