የጃንጥላ ዕዳ

ዛሬ ጠዋት ስነሳ ድብር ብሎኛል። ምክንያት የለውም። ዛሬ ሥራ አልገባም፣ ሰማዩ አመድ መስሏል፣ ቡናውም እንደ ወትሮው አልሆነልኝም። ድሮ እንዲህ ሲያደርገኝ ሰፈር ለሰፈር እዞር ነበር። አሁን ባቡር እሳፈራለሁ። ሞንፓርናስ ጣቢያ ቆሜ ሰሌዳውን ሳይ «ሻርትር» ይላል። ፓሪስ ከመጣሁ ጀምሮ «አንድ ቀን እሄዳለሁ» ስል የኖርኩባት ከተማ ናት። 90 ኪሎ ሜትር ግድም፣ አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። ትኬት ቆረጥኩ።

መንገዱ ስንዴ ነው። ስንዴ፣ ስንዴ፣ አሁንም ስንዴ። ከዚያ ከተማዋ ሳትታይ ካቴድራሉ ብቅ ይላል። ሁለቱ ማማዎች አይመሳሰሉም። አንዱ 105 ሜትር ሆኖ ጌጥ የማያውቅ፣ ጭምት ነገር ነው። ሌላው 113 ሜትር ሆኖ ከላይ እስከ ታች እንደ ጥልፍ ተለቅሟል። በመካከላቸው ከ300 ዓመት በላይ አለ። እኔና ታላቅ እህቴ ለጥምቀት የተነሳነው ፎቶ ትዝ አለኝ፤ እሷ ቀጥ ብላ፣ እኔ ተሽሞንሙኜ።

ከባቡር ስወርድ ዝናቡ ለቀቀው። ጃንጥላ አልያዝኩም። መቼ ይዤ አውቃለሁ? ጣቢያው አጠገብ ካለ ሱቅ አንድ ጥቁር ተጣጣፊ ጃንጥላ በ10 ዩሮ ገዛሁ። ገና ስዘረጋው አንዱ ሽቦ ጎበጠ።

ከተማዋ ቆንጆ ናት። ጠባብ የድንጋይ መንገድ፣ የእንጨት ማገራቸው ወደ ውጭ የሚታይ ያረጁ ቤቶች፣ ታች ወንዙ ዳር ደግሞ የድሮ ሴቶች ልብስ ያጥቡባቸው የነበሩ ጣሪያ ያላቸው ቦታዎች። ስለ ቁንጅናዋ ብዙ አልጽፍም። ፎቶ አንስቻለሁ፣ ሁሉም ላይ የሚታየው ዝናብ ነው።

ነፋሱ ሲያስቸግረኝ በሰሜን በኩል ካለው ትልቅ ደጀ ሰላም ስር ተጠለልኩ። (ደጀ ሰላም የምለው ሌላ ቃል ስላጣሁለት ነው።) ከድንጋይ የተፈለፈሉ ቅዱሳን ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። አንዷ ዘውድ የደፋች ሴት ናት። ንግሥተ ሳባ! ከጎኗ ሰሎሞን። ወይ ማክዳ፣ እዚህ ደግሞ ምን ትሠሪያለሽ? ፊቷ የኛ አይደለም፣ ቁርጥ የዚህ አገር ሰው። የኛን መልክ ያገኘሁት ከእግሯ ስር ነው። ጸጉሩ የተንጨፈረረ ጥቁር ሰው ተኮራምቶ ተቀምጧል፣ እሷ በላዩ ቆማለች። ስጦታዋን ተሸክሞ የመጣ አገልጋይ ነው ይላሉ። ልቆጣ አሰብኩ። ከዚያ ግን አንድ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ፦ ይሄ ሰውዬ እንኳን ባዶ እጁን አልመጣም።

ነገሩ የጀመረው እዚህ ጋ ነው።

ስገባ እንደ ልማዴ መዝጊያውን ተሳለምኩ። ጫማዬን ላወልቅ እጄን ልኬ ነበር፤ ከኋላዬ ያሉት ሽማግሌ ቱሪስት ቁልቁል ሲያዩኝ ክር እንደማስር አስመሰልኩ። ክር የለውም ጫማዬ።

ውስጡ ይጨልማል፣ መስኮቶቹ ግን ይነዳሉ። ያ ሰማያዊ በፎቶ አይያዝም። በ1194 የድሮው ካቴድራል ሲቃጠል ሕዝቡ ያለቀሰው ለሕንፃው አልነበረም። እመቤታችን ለብሳዋለች የሚባል ጨርቅ ነበራቸው፤ ከ876 ጀምሮ እዚያ የኖረ። እሱ ተቃጠለ ብለው ደረት መቱ። በሦስተኛው ቀን ካህናቱ ከምድር ቤት ጨርቁን ይዘው ወጡ። በቃ፣ «ትልቅ ቤት ብትፈልግ ነው» አሉና ሁሉም እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። አብዛኛው ሥራ በ30 ዓመት ግድም አለቀ። (በዚያው ዘመን እኛ ጋ ላሊበላ ይፈለፈል ነበር። ይህን የምነግረው ሰው ስላልነበረ ለራሴ ነገርኩት፤ ኮራሁም።)

የማን እጅ ወደ ኪሱ እንደገባ መስኮቶቹ ላይ ይታያል። ስለ ደጉ ሳምራዊ የሚተርከው መስኮት ግርጌ ላይ ጫማ ሰፊዎች አሉ፤ ጎንበስ ብለው ይሰፋሉ። ሌላው ጋ ዳቦ ጋጋሪዎች። መስኮቱን የሰጡት እነሱ ናቸው ይባላል፣ የሚጠራጠሩ ምሁራንም አሉ። እኔ አልተጠራጠርኩም። የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ ላይ «ከወለተ ሚካኤልና ከቤተሰቧ የተበረከተ» የሚል ያየ ሰው አይጠራጠርም። መጋረጃው ላይ ስም፣ የግድግዳው ሰዓት ላይ ስም፣ ወንበሩ ጀርባ ላይ ስም። ልጅ ሆኜ ቅዳሴው ሲረዝምብኝ የማነበው እሱን ነበር።

የእኔ ስም ግን የትም የለም። መኖር ነበረበት።

ከስድስት ዓመት በፊት ወረቀቴ ሲጓተት፣ እንቅልፍ ባጣሁበት በዚያ ክረምት፣ «እመቤቴ፣ ይቺን ወረቀት ብቻ አስጨርሺልኝ፣ ጃንጥላ አስገባለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ከፈይ፣ ዙሪያውን የወርቅ ዘርፍ ያለው፣ ታቦት ሲወጣ ከሩቅ የሚያብረቀርቅ። ወረቀቱ በአራተኛው ወር መጣ። ጃንጥላውስ?

መጀመሪያ ገንዘብ አልነበረኝም። ቀጥሎ ገንዘብ ኖረኝ፣ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ጠፋ። ከዚያ የሚሄድ ሰው ተገኘ፣ እኔ ገንዘቡን ለሶፋ አውዬዋለሁ። ደግሞ ስሳል ለየትኛዋ ማርያም እንደሆነ አልተናገርኩም። ለሰፈራችን ነው? ወይስ ለእዚህችው፣ ለፓሪሷ? ጓደኛዬ መ. ይህን ስነግራት «አንቺ ከማርያም ጋር የውል ክርክር ልትገጥሚ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ።

እግሬ ሲዝል ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ያን ዝነኛ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ነበርኩ ለካ። ወለሉ ላይ ወደ 13 ሜትር የሚሰፋ ክብ አለ፤ በውስጡ የሚሽከረከረው መንገድ ቢዘረጋ 260 ሜትር ይሆናል። መግቢያው አንድ፣ መንገዱ አንድ፣ መጥፋት የለም። ግን ወንበር ደርድረውበታል። ወንበሮቹን አንስተው ሰው እንዲሄድበት የሚያደርጉት ከዐቢይ ጾም እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው። በአንድ ቀን! በጫማዬ ጫፍ ከወንበሬ ስር ያለችውን ትንሽ ኩርባ ወዲያ ወዲህ አልኳት። እዚያው ሆኜ በዚህ ወር ደሞዝ ከሶፋው ዕዳ በፊት ጃንጥላው እንደሚቀድም ቃል ገባሁ። ሌላ ስለት መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ባቡሩ ሊነሳ ሰባት ደቂቃ ሲቀረው እየሮጥኩ ወጣሁ። ዝናቡ አባርቷል። ግማሽ መንገድ ላይ እማዬ ደወለች።

«ዛሬ 21 እኮ ነው፣ ሳምሽ?»

ክው አልኩ። ቀኑን አላየሁትም።

«ሳምኩ» አልኳት። መዝጊያውን ስሜያለሁ አይደል? ደግሞ የካቴድራሉ ስም እኮ «ኖትር ዳም» ነው፣ ወደኛ ሲመለስ «እመቤታችን»።

«ጎሽ። እዛስ ዝናቡ እንዴት ነው?»

በመስኮቱ ሳይ እንደገና ጀምሯል። ጃንጥላዬን ልሳብ እጄን ዘረጋሁ። የለም። ከፊቴ የነበረው ወንበር ጀርባ ላይ ውሃው እንዲንጠባጠብ ሰቅዬው ነበር፤ እዚያው ቀርቷል።

«እማዬ፣ ጃንጥላ አስገባሁ» ልላት አፌ ላይ ደረሰ። ተውኩት። «እሰይ! ቀለሙ ምንድን ነው?» ነው የምትለኝ። ጥቁር፣ ተጣጣፊ፣ አንድ ሽቦው የጎበጠ፣ 10 ዩሮ። ረስቼው የመጣሁት።

ከጣቢያ እስከ ቤት በስብሼ ገባሁ። ነገ ዓርብ ነው፣ ወንበሮቹ ይነሳሉ። ሲያገኙት የት ያደርጉት ይሆን?