ፕላቲነም ያልነካው ናሙና

ናሙናው ነጭ ዱቄት ነበር። ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ ያው የግድግዳ ቀለም ውስጥ የሚገባው፣ ግን በናኖ መጠን የደቀቀ። የምሠራው በብርሃን ሃይድሮጅን ማውጣት ላይ ነው፤ ዋናው ናሙናዬ ላዩ ላይ ፕላቲነም የተነሰነሰበት ነው። ይሄኛው ባዶውን ነው፤ ለማነጻጸሪያ ብቻ የሚለካ።

ሁለቱንም በየፊናቸው ከውሃና ከሜታኖል ጋር ደባለቅኩ። አየሩን በአርገን አስወጣሁ፣ የአልትራቫዮሌት መብራቱን አበራሁ። ከሰዓታት በኋላ ጋዙን በሲሪንጅ ቀድቼ ጋዞችን ለይቶ የሚለካው መሣሪያ፣ ጋዝ ክሮማቶግራፉ ውስጥ ከተትኩ። የባዶው ናሙና ግራፍ ላይ የሃይድሮጅኑ ጉብታ ጉልህ ሆኖ ብቅ አለ። ደገምኩት። ያው ነው።

ይሄ መሆን አልነበረበትም። ብርሃን ዱቄቱን ሲመታ ኤሌክትሮን ከቦታው ይነሳል፣ የተነሳበት ክፍት ይቀራል። ኤሌክትሮኑ ቶሎ ወደ ክፍቱ ቦታ ከተመለሰ የብርሃኑ ጉልበት በከንቱ ይባክናል። ፕላቲነም ካለ ግን ኤሌክትሮኑ ወደሱ ይሸሻል። እዚያ የሃይድሮጅን አዮኖች ያገኙታል፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ጋዝ ይሆናሉ። ባዶው ዱቄት ይህ መሸሻ ስለሌለው ከሱ የሚጠበቀው ሃይድሮጅን ኢምንት ነው። አኪራ ፉጂሺማና ኬንኢቺ ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1972 ውሃን በብርሃን መክፈላቸውን ሲያሳውቁ እንኳ ብርሃኑን የተቀበለው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ቢሆንም፣ ሃይድሮጅኑ የወጣው ከወዲያኛው ከፕላቲነሙ ኤሌክትሮድ ነው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ፕላቲነም ውድ ነው። ያለሱ የሚሠራ ካታሊስት (ሳያልቅ ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር) ለማግኘት ስንት ሰው ይለፋል!

ጠዋት አለቃዬ ዘንድ ከመግባቴ በፊት የላብራቶሪውን አንጋፋ ቴክኒሻን አገኘኋቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ግራፉን ዘረጋሁላቸው። አንዴ አየት አደረጉትና፦

«ማማሰያዋን ከየት አመጣሃት?» አሉኝ።

«ከመሳቢያው ነው ጋሼ። ታጥባለች።»

«በምን?»

«በሳሙና፣ ከዚያ በአልኮል።»

«እስቲ አምጣት።»

በቴፍሎን የተለበጠች፣ ከጣት አንጓ የማትበልጥ ማግኔት ናት። ወደ መስኮቱ አስጠግተው በአጉሊ መነጽር አሳዩኝ። ነጩ ቴፍሎን ወገቡ ላይ ተፋፍቋል። ጭረቶቹ ውስጥ ግራጫ ነገር ተኝቷል። በጥፍሬ ፋቅኩት፤ ንቅንቅ አላለም።

«ይቺ ስንት ጊዜ ፕላቲነም ስታማስል የኖረች ናት» አሉ።

ወዲያው ገባኝ። ፕላቲነሙን ዱቄቱ ላይ የምናሳርፈው በራሱ በብርሃኑ ነው። ፕላቲነም ያለበትን ክሎሮፕላቲኒክ አሲድ እንጨምራለን፣ የተነሱት ኤሌክትሮኖች የፕላቲነሙን አዮን ወደ ብረትነት ይመልሱታል፣ ነጩ ዱቄት ወደ ግራጫ ይዞራል። ከዚያ የተረፈው ጭረት ካገኘ እዚያው ይወሸቃል። ደግሞ ብዙ አያስፈልግም። ዋናው ናሙናችን ራሱ በክብደት ከ100 እጅ 1 እጅ ፕላቲነም ብቻ ነው ያለው። እንዲያውም ከልክ ሲያልፍ ብርሃኑን ይጋርዳል።

ያንኑ ዱቄት ብረት ነክቷት በማታውቅ አዲስ ማማሰያና በአዲስ ብርጭቆ ለካሁት። ጉብታው ሟሸሸ፤ ከመስመሩ ለመለየት ዓይኔን ማጥበብ ነበረብኝ። አሮጌዋን መለስኳት። ጉብታውም ተመለሰ። በመጨረሻ አሮጌዋን አየር መምጠጫው ሥር ሦስት እጅ ሃይድሮክሎሪክ፣ አንድ እጅ ናይትሪክ አሲድ በተደባለቀበት ውስጥ ዘፈዝፌ፣ ደጋግሜ አለቅልቄ ለካሁ። ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ጭረት የያዘውን በቀላሉ አይለቅም።

«ያለ ብረት ሠራ» የሚል ውጤት ሳነብ አሁን መጀመሪያ የምፈልገው ዕቃው አዲስ ይሁን አሮጌ የሚለውን ነው። ብዙ ጊዜ አይጻፍም። መጻፍ ያለበት ይመስለኛል።

ለአለቃዬ ሁሉንም ነገርኩት፣ ሌሊቱን ያሰብኩትን ጭምር። «የበፊቶቹስ?» አለኝ። የበፊቶቹን ማነጻጸሪያዎችም የለካሁት በዚያው መሳቢያ ማማሰያዎች ነበር። ማስታወሻ ደብተሬን ከመጀመሪያው ገጽ ገልጬ አንድ በአንድ እንደገና ለካኋቸው። ሁለቱ ተለወጡ።