ስለ ትንፋሼ ደግሜ የምሰጠው ምስክርነት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በ2016 ዓ.ም. ግንቦት 16 ቀን፣ በወርኃዊው የኪዳነ ምሕረት ማኅበራችን ላይ በእኅቶቼ መካከል ቆሜ፣ እግዚአብሔር ባሕር ማዶ በተደረገልኝ የስቴም ሴል (ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊያፈራ የሚችል የሰውነት ሕዋስ) ሕክምና ከሳንባ ሕመሜ እንደ ፈወሰኝ መስክሬ ነበር። የዚያን ዕለት እልልታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አሁን ያንኑ ምስክርነት ላርም ተነሥቻለሁ። እግዚአብሔር ጸሎቴን ሰምቷል፤ ይህን ቃል አልመልስም። የተሳሳትሁት በምን በኩል እንደ ረዳኝ ስናገር ነው፤ ስሕተቱም በእኔ ላይ ብቻ የሚቀር አልሆነም። ባለፈው መስከረም አንዲት የማኅበራችን እኅት፣ ባለቤታቸው እንደ እኔ ትንፋሽ የሚያጥራቸው፣ ቦታቸውን ለመሸጥ ደላላ ካናገሩ በኋላ የክሊኒኩን ስልክ ቁጥር ሊወስዱ ቤቴ ድረስ መጡ። ቁጥሩን ልሰጣቸው ስልኬን አነሣሁና፣ ሳልሰጣቸው መልሼ አስቀመጥሁት።

ያደግሁትም ወልጄ የሳምሁትም ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ነው። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ አራት ልጆች ያሳደግሁት እንጀራ እየጋገርሁ ለአዲስ አበባ ምግብ ቤቶች በማስረከብ ነበር። 22 ዓመት ሙሉ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እየተነሣሁ፣ መስኮት በሌለው ማድቤት ውስጥ፣ በባሕር ዛፍ ቅጠልና በጭራሮ እያነደድሁ ስጋግር ኖርሁ። ጣሪያው ጥላሸት ያንጠባጥብ ነበር፤ ነጠላዬ ታጥቦም እንኳ ጢስ ጢስ ይሸት ነበር። ሳሉ ሲጀምረኝ የደጋ ብርድ ነው ብዬ በዳማከሴና በዝንጅብል ላባርረው ሞከርሁ። ቆይቶም የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) እንዳይሆን ተብሎ አክታዬ ተመረመረ፤ ነጻ ነሽ ተባልሁ። በ54 ዓመቴ ግን ከማድቤቱ እስከ ግቢው በር ለመድረስ ሁለት ጊዜ ማረፍ ግድ ሆነብኝ።

ያን ጊዜ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ትንፋሽ በሚለካ መሣሪያ ውስጥ ባለ በሌለ ኃይሌ እንድነፋ ተደረግሁ። በመጀመሪያው አንድ ሰከንድ ያስወጣሁት አየር በእኔ ዕድሜና ቁመት ካለ ጤነኛ ሰው ከሚጠበቀው 36 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሕመሙ ሐኪሞች በአጭሩ ሲኦፒዲ የሚሉት፣ የአየር ቧንቧዎችን የሚያጠብና በሳንባ ውስጥ ኦክስጅን ወደ ደም የሚያሳልፉትን ጥቃቅን ከረጢቶች የሚያፈርስ ሥር የሰደደ ሕመም ነው። ሲጋራ በአፌ ዞሮ እንደማያውቅ ብነግራት፣ ሐኪሟ በተዘጋ ቤት ውስጥ ለብዙ ዓመታት የተሳበ የማገዶ ጢስም ይህንኑ ሕመም እንደሚያመጣ ነገረችኝ። ልጆቼን ያሳደግሁበት ጢስ እንደሆነ ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ለመጻፍ ቃል የለኝም።

በኅዳር 2016 ዓ.ም. በአንድ ሌሊት መብራት ጠፋና ወንድሜ ከአሜሪካ የላከልኝ የኦክስጅን ማሽን ቆመ። ጋደም ማለት አልችልም፤ ትራሶቹን በጉልበቴ ላይ ከምሬ፣ ፊቴን በላያቸው ደፍቼ፣ ታናሿ ልጄ በጨለማው ውስጥ ጀርባዬን እያሻሸችኝ እስኪነጋ ተቀመጥሁ። የሚያስጮህ ትንፋሽ ስላልነበረኝ በልቤ ብቻ፣ «እመቤቴ ኪዳነ ምሕረት፣ ከልጅሽ ለምነሽ ትንፋሼን መልሺልኝ፤ እንጦጦ ደጅሽ ድረስ በእግሬ መጥቼ ጥላ አስገባለሁ» ብዬ ተሳልሁ። መብራቱ ሲነጋጋ መጣ።

በሳምንቱ ወንድሜ ደወለ። በይነመረብ ላይ አንድ ክሊኒክ አግኝቶ ነበር፤ ከታማሚው ከራሱ የሆድ ስብ ውስጥ ስቴም ሴል፣ በአማርኛ ግንደ ሕዋስ የሚባለውን፣ አውጥተው በደም ሥር ሲሰጡት ወደ ሳንባ ሄዶ የፈረሰውን ሥጋ አዲስ ያበቅላል ይላሉ አለኝ። የተሳልሁት ገና በሳምንቱ ስለነበር፣ ይህ የጸሎቴ መልስ ነው ከማለት በቀር ሌላ ነገር በአእምሮዬ አልመጣም። ዋጋው ከአውሮፕላን ትኬቱ ሌላ 9,000 ዶላር ነበር። ወንድሜ ግማሹን ቻለ፤ ቀሪውን ከግቢዬ ግማሹን ቆርሼ በመሸጥና በልጆቼ እቁብ ሞላሁት። የንስሐ አባቴ ጉዳዩን ሳማክራቸው፣ «ልጄ፣ እስቲ አስቀድመሽ የምትከታተልሽን ሐኪም ጠይቂ» ብለውኝ ነበር። አልጠየቅኋትም። አትሂጂ ትለኛለች ብዬ ፈራሁ፤ ተስፋዬን የሚነካብኝ ሰው ማግኘት አልፈለግሁም።

በየካቲት መጨረሻ ከትልቋ ልጄ ጋር ሄድሁ። ከተማዋ በባሕር ጠረፍ ያለች፣ ሞቃት፣ ሜዳማ ናት። ክሊኒኩ ንጹሕ ነበር፤ ሠራተኞቹም ትሑታን ነበሩ፤ በዚህ አላማቸውም። በደረስን በአምስተኛው ቀን ሆዴን በማደንዘዣ አደንዝዘው በቱቦ ስብ ቀዱ፤ በሚሽከረከር ማሽን አጣርተው፣ ከሰዓት በኋላ እንደ ግሉኮስ በክንዴ አንጠባጠቡልኝ። ያስፈረሙን ወረቀት እኔም ልጄም በማናነበው ቋንቋ የተጻፈ ነበር። በአንድ ሰከንድ የምነፋውን አየር ከሕክምናው በፊትም ሆነ በኋላ ማንም አልለካውም፤ የሚያዩት ጣት ላይ የሚደረገውን፣ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በመቶ የሚያሳየውን መለኪያ ብቻ ነበር።

እኔም የተሻለኝ መሰለኝ፤ ይልቁንም በእውነት ተሻለኝ። ሱሉልታ ሳለሁ 82 እና 83 ያሳይ የነበረው የጣት መለኪያ እዚያ 91 ሆነ። በባሕሩ ዳር ከልጄ ጋር ሳልቆም ተራመድሁ። ስንመለስ ዐቢይ ጾምንና በዓለ ሃምሳን አቃቂ ካለችው ከዚህችው ልጄ ቤት፣ ከማገዶ ርቄ አሳለፍሁ፤ ያ ምስክርነት የተሰጠውም በዚህ መካከል ወደ ማኅበሬ በሄድሁበት ዕለት ነው። በሰኔ ወደ ሱሉልታ ተመለስሁ። ሐምሌ ሳይጋመስ ከንፈሬ ጠቁሮ በአምቡላንስ ሆስፒታል ገባሁና 11 ቀን ተኛሁ።

ያገኘችኝ ያችው ሐኪም ነበረች። የትንፋሹ ምርመራ ሲደገም 35 በመቶ ሆነ። ተሸማቅቄ የሆነውን ሁሉ ስነግራት አልተቆጣችኝም፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ «እናቴ፣ መሻል የጀመረዎት ከመርፌው በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

በኋላ ነው ልል አፌን ከከፈትሁ በኋላ ልጄ አቋረጠችኝና ስልኳን አወጣች። በዚያች ከተማ በሁለተኛው ቀን ምሽት፣ ለእኅቶቿ ልትልክላቸው የጣቴን መለኪያ ፎቶ አንሥታው ነበር፤ ቁጥሩ 90 ይላል። መርፌው የተሰጠኝ በአምስተኛው ቀን ነው። ሦስታችንም ያንን ፎቶ ብዙ አየነው።

ሐኪሟ በአልጋዬ ጠርዝ ተቀምጣ ያስረዳችኝን፣ በገባኝ መጠን እጽፈዋለሁ። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ በዚህ ከፍታ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምንስበው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚሳበው በሩብ ያህል ያንሳል። ጤነኛ ሳንባ ይህን ይችለዋል፤ የእኔ ግን አይችለውም። ስለዚህ ወደ ቆላ በወረድሁና ከጢስ በራቅሁ ጊዜ የተሻለኝ ማንም ሳይነካኝ ነው። ስለ ስቴም ሴሉም ስትነግረኝ፣ ነገሩ ሁሉ ውሸት ነው አላለችም። የደም ካንሰር ያለባቸው ሰዎች በሚያደርጉት የመቅኒ ንቅለ ተከላ ደም የሚሠሩ ግንደ ሕዋሳት ለብዙ ዓመታት የሰው ሕይወት ሲያድኑ ኖረዋል። ለእኔ ዓይነቱ ሕመም ግን በአሜሪካ 62 ታማሚዎች የተሳተፉበት፣ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ነበር፤ ለከፊሎቹ ከሌላ ሰው መቅኒ የተወሰደ ሕዋስ አራት ጊዜ በደም ሥር ተሰጣቸው፣ ለቀሩት መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ ተሰጠ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲከታተሏቸው ከሕዋሱ የመጣ የከፋ ጉዳት ባይታይም፣ በትንፋሻቸው መጠን ግን በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም ለሳንባ ሕመም የሚሆን ምንም ዓይነት የስቴም ሴል ሕክምና አላጸደቀም። በዚያው አገር በፍሎሪዳ ባለ አንድ ክሊኒክ ከስባቸው የወጣ ሕዋስ ዓይናቸው ውስጥ የተወጋላቸው ሦስት ሴቶች ብርሃናቸውን እንዳጡ እ.ኤ.አ. በ2017 በሕክምና መጽሔት መጻፉንም ነገረችኝ። ይህን ስሰማ፣ ከዚያ ክሊኒክ አንዳች ነገር ሳይደርስብኝ መመለሴ ራሱ ያላመሰገንሁበት ምሕረት እንደነበር ገባኝ።

«ታዲያ እግዚአብሔር አልሰማኝም ማለት ነው?» አልኋት። እርሷም አንገቷ ላይ ያለውን ማተብ ነካ አድርጋ፣ «እንደዚያ አልወጣኝም፤ ትንፋሽዎን የሚመልስ ነገር ካለ አሁን እንጀምር» አለችኝ።

የጀመርነውም እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ፓፌን፣ ማለትም በአፍ ወደ ሳንባ የሚሳበውን የሚረጭ መድኃኒቴን፣ እንዴት እንደምስብ እንዳሳያት ጠየቀችኝ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ መድኃኒቱ ምላሴ ላይ እየቀረ ሳንባዬ ሳይደርስ እንደኖረ ታወቀ። ግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ቂጡን በስታ የፓፉን አፍ እዚያ ሰካችልኝና በዚያ ውስጥ ቀስ ብዬ እንድስብ አስተማረችኝ። ከዚህ ነገር ቀላልነት የተነሣ አለቀስሁ፤ የግቢዬን ግማሽ የሸጥሁ ሴት ነኝ፣ ያጣሁትም የውኃ ፕላስቲክ ነበር። ቀጥሎ የትንፋሽ ልምምድ መጣ፦ በአፍንጫ ስቦ፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ከንፈርን ሰብስቦ፣ ከሳቡበት ጊዜ እጥፍ በሆነ ጊዜ ቀስ ብሎ ማስወጣት። እንዲህ ሲደረግ የጠበቡት ቧንቧዎች ሳይዘጉ ስለሚቆዩ፣ በውስጥ ታምቆ የቀረው አሮጌ አየር ይወጣል። እኔ ልኩን በ«እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ያዝሁት፤ አንዱን ስስብ፣ ሁለቱን ሳስወጣ። ከዚያም በየቀኑ መራመድ ነበረብኝ፤ በመጀመሪያው ሳምንት አምስት ደቂቃ፣ በሦስተኛው ወር ግማሽ ሰዓት። የኢንፍሉዌንዛ ጉንፋንና የሳንባ ምች ክትባትም ወሰድሁ።

ከባዱ ሱሉልታን መልቀቅ ነበር። ባለቤቴን የቀበርሁባት፣ እድሬም ማኅበሬም ያለባት ስፍራ ናት። ነገር ግን አቃቂ ከሱሉልታ ከ300 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነውና፣ ከልጄ ቤት አንድ ክፍል ተለቀቀልኝ። እንጀራ የሚጋገረው በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፤ ዕጣንም ቢሆን በግቢ፣ ከእኔ ርቆ ይጨሳል። በስድስት ወሩ ሐኪሟ ዳግመኛ ለካችኝ። የትንፋሹ ቁጥር 36 በመቶ ነበር፤ አዲስ ሥጋ አልበቀለም፣ ሳንባዬም ያው ነው። ነገር ግን ሆስፒታል ስገባ በስድስት ደቂቃ 170 ሜትር ብቻ የሄድሁ ሴት፣ በዚያ ዕለት በዚያው ኮሪደር 330 ሜትር ሄድሁ። ያን ሌሊት የለመንሁት ትንፋሽ ይህ ነው። ከሐምሌ ወዲህ አልጋ ይዤ አላውቅም፤ ሌሊቱንም ተጋድሜ እተኛለሁ።

በ2017 ዓ.ም. የካቲት 16 ቀን ስለቴን አስገባሁ። የንስሐ አባቴ እስከ ዳገቱ በመኪና እንድሄድ ፈቅደውልኝ፣ ከመኪናው መውረጃ ጀምሮ ያለውን በእግሬ፣ ከንፈሬን እየሰበሰብሁና በየመቶ እርምጃው እየቆምሁ ሄድሁ። ጥላውን የተቀበሉኝ ካህን ለምን እንደተሳልሁ ሲጠይቁኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ መለስሁ፤ ያንን ያህል ድምፅ ነበረኝ።

ይሁን እንጂ ያን ጊዜም ስለ መርፌው እውነቱን ለማኅበሬ አልተናገርሁም። የሸጥሁት ቦታ አሳፈረኝ፣ የወንድሜ ገንዘብ አሳፈረኝ፣ እልልታቸውንም መልሼ መውሰድ ከበደኝ። አንዲት እኅት ደላላ አናግረው እስኪመጡ ድረስ ዝም አልሁ። ይህን ኃጢአቴን ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ፤ እዚህም እናገረዋለሁ።

በጥቅምት 16 ቀን ወደ ማኅበሬ ሄጄ፣ በዚያው በቆምሁበት ስፍራ ቆሜ ይህንኑ ሁሉ ነገርኋቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ እናታችን፣ የማኅበሩ ታላቅ፣ «ታዲያ እልልታው ለማን ነበር? ለእርሷና ለልጇ አይደለም እንዴ?» ብለው ራሳቸው ጀመሩት።

ደላላው ተመልሷል፤ ቦታው አልተሸጠም። የእኅታችን ባለቤት ከዚህ በፊት ትንፋሻቸው ተለክቶ አያውቅም ነበርና፣ በመጪው ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሐኪሟ ዘንድ ቀጠሮ ይዤላቸዋለሁ። እኔም ከአቃቂ ተነሥቼ በሆስፒታሉ በር እጠብቃቸዋለሁ፤ ፓፋቸውን ይዘው እንዲመጡ ነግሬያቸዋለሁ፣ የውኃ ፕላስቲኩን እኔ አመጣለሁ።