ሎኩ ሳይፈታ

እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 2014፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ40 ገደማ። ማሳቹሴትስ ውስጥ ቤድፎርድ ላይ ሰባት ሰው የያዘ ጋልፍስትሪም 4 ጄት ለመነሳት እየተንደረደረ ነው። ሞተሮቹ ጤነኛ ናቸው፤ ሁለቱ አብራሪዎችም ለዓመታት አብረው የበረሩ። አፍንጫውን ማንሳት ሲያስፈልግ ግን መሪው ንቅንቅ አልል አለ። ዋና አብራሪው ሎኩ፣ ማለትም መሪውን አስሮ የሚይዘው ማሰሪያ፣ እንዳልተፈታ ሲናገር በድምፅ መቅጃው ላይ ተገኝቷል። ወዲያው ጋዙን መልሶ ፍሬን በመያዝ ፈንታ ሎኩን ለማላቀቅ ሲሞከር ሴኮንዶቹ አለቁ። አውሮፕላኑ መንደርደሪያውን ጨርሶ አንቴና ገጭቶ ሸለቆ ገባና በእሳት ተያያዘ። የተረፈ ሰው የለም።

ይህ ጋስት ሎክ የሚባለው ሎክ፣ አውሮፕላኑ በቆመበት ነፋስ አቅጣጫ የሚያስይዙትን ተንቀሳቃሽ ክፍሎች፣ ማለትም የክንፎቹን ኤለሮን፣ የጅራቱን ኤሌቬተርና ራደር፣ እያማታ እንዳይሰብር አስሮ የሚይዝ ነገር ነው። ሞተር ከመነሳቱ በፊት መፈታት አለበት። እርግጥ የአሠራር ጉድለትም ነበረ፦ ሎኩ እንደታሰረ የጋዙ እጀታ ከ6 ዲግሪ በላይ እንዳይሄድ የታሰበው መከልከያ ከዚያ ሦስት አራት እጥፍ ያሳልፍ ነበር። ቢሆንም መሪውን ዳር እስከ ዳር ማንቀሳቀስ ብቻ ጉዱን ያወጣው ነበር። መርማሪዎቹ የአውሮፕላኑን ቀዳሚ 175 በረራዎች መዝገብ ሲያዩ ይህ ፍተሻ በሙሉ የተደረገው በ2ቱ ብቻ ሆኖ አገኙት። በቀሩት ምንም ስላልደረሰ መዝለሉ ሥራ መሰለ።

በትንሿ ሴስና 172 ሎኩ መሪው ዘንግ ውስጥ የሚገባ ዘንግ ነው፤ ላዩ ላይ ያለችው ቀይ ቆርቆሮ የሞተር ማስነሻ ቁልፉን ቀዳዳ ትሸፍናለች፤ ሳይነቅሉት ሞተር አይነሳም። ኦሪጅናሉ ጠፍቶ ሚስማር ወይም ቡሎን ሲሰካበት ግን ያቺ ቆርቆሮ የለችም። አደጋው ያለው እዚያ ነው።

መሪው መዞሩም ብቻውን አይበቃም። ከጥገና በኋላ ገመዶቹ ተገልብጠው ሊታሰሩ ይችላሉ፤ ወደ ግራ ሲያዞሩት የግራው ኤለሮን ወደ ላይ፣ የቀኙ ወደ ታች መሄዱ በዓይን ይታይ። መሪውን እንደያዙ አውራ ጣቶችን ወደ ላይ ካቆሟቸው፣ ጣቶቹ ያዘነበሉበት ክንፍ ኤለሮኑ የተነሳ መሆን አለበት።

ነዳጅም እንዲሁ ነው፤ ከመነሳት በፊት ውሃ እንዳልገባበት በብርጭቆ እየተቀዳ ይታያል። የሴስና 172 አንዱ ዓይነት በሆነው 172ኤስ ላይ ለፍተሻ የሚቀዳባቸው 13 ቦታዎች አሉ፦ በየክንፉ 5፣ ከሆዱ ሥር 3። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች ይዘቅጣል፤ በብርጭቆው ውስጥ ሁለቱን የሚለይ መስመር ይታያል። የሚያሳስተው ግን መስመር የሌለበት ቀን ነው፤ የተቀዳው በሙሉ ውሃ ሊሆን ይችላልና። 100 ሎው ሌድ የሚባለው የትንንሽ አውሮፕላኖች ቤንዚን ሰማያዊ ነው፤ ብርጭቆውን ወደ ሰማይ አንስቶ የሚያይ ሰው ንጹሕ ውሃውንም ሰማያዊ አድርጎ ያየዋል። ነጩ ክንፍ ላይ አስጠግቶ ማየት፣ ከዚያም ማሽተት ነው።