ዋጋው ፎቶው ላይ ነው

ከሰዓቱን በሙሉ ስልኬን ይዤ ጫማ ስፈልግ ዋልኩ። ዓይነ ስውር ነኝ፤ ስልኬን የምጠቀመው በቶክባክ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ያነብልኛል። አንድ የቴሌግራም ቻናል ከፈትኩ፤ "ፎቶ" አለኝ። ወደ ቀጣዩ ሄድኩ፤ አሁንም "ፎቶ"። ከሥሩ "አዲስ የገባ፣ ሳያልቅ ይፍጠኑ" የሚል ጽሑፍ አለ፤ ከዚያ የእሳት ምልክቶቹን "ፋየር፣ ፋየር፣ ፋየር" እያለ ይደረድራቸዋል። ምን ዓይነት ጫማ ነው? ከስንት እስከ ስንት ቁጥር አለ? ዋጋውን በኢንቦክስ ስጠይቅ "ፎቶው ላይ አለ" የሚል መልስ መጣልኝ።

ሻጩ ክፉ ሰው አይመስለኝም። ማየት የማይችል ሰው ከእሱ ይገዛል ብሎ አስቦ አያውቅም፣ በቃ። እኔን የሚከፋኝም ይሄው ነው።

ጉሊት ስሄድ እንዲህ አይሰማኝም። ሻጯ "ና ደንበኛዬ፣ ቲማቲሙ ዛሬ የገባ ነው" ብላ ዋጋውን ሳልጠይቃት ትነግረኛለች። እጄን ሰድጄ ጠንካራ ጠንካራውን እመርጣለሁ። እከራከራለሁ፣ ትቀንስልኛለች፣ አንዳንዴም ትመርቅልኛለች። ሱፐርማርኬት ውስጥ ግን ሁሉም ነገር ዝም ይላል። ዋጋው መደርደሪያው ላይ ተለጥፏል። ሻምፖውና ኮንዲሽነሩ አንድ ዓይነት ጠርሙስ ውስጥ ናቸው። ግብይታችን ዘመናዊ በሆነ ቁጥር ድምፁ እየጠፋ፣ ሁሉም ነገር ለዓይን ብቻ እየሆነ ነው። እኔ ከድሮው ይልቅ ዛሬ ሰው አስከትዬ መውጣት የሚያስፈልገኝ ለዚህ ነው።

ሰው ይዞ መሄድ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ከእህቴ ጋር ጫማ ቤት ስገባ ሻጩ እኔን ትቶ እሷን "ስንት ቁጥር ነው የሚያደርገው?" ይላታል። እግሩ የእኔ፣ ብሩም የእኔ። "እሱን ጠይቀው" ትለዋለች። "42" እላለሁ። ያኔም ጫማውን የሚያቀብለው ለእሷ ነው። እኔ ግን ጫማ የምመርጠው በእጄ ነው። ስፌቱን በአውራ ጣቴ ተከትዬ እዞረዋለሁ፣ ሶሉን አጥፌ አየዋለሁ፣ ገበሩ ተረከዙ ጋ መነሳት አለመነሳቱን እዳስሳለሁ። ይህን እንዳደርግ መጀመሪያ ጫማው እጄ መግባት አለበት።

በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ጓደኛዬ ችግሩ ገና ከበሩ ይጀምራል። ሊፍት ያለው ሕንፃ ይሄዳል፤ ሊፍቱ ጋ ለመድረስ ግን ደረጃ መውጣት ያስፈልጋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624/2001፣ አንቀጽ 36 ላይ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለዊልቸር ተጠቃሚም ሆነ ደረጃ መውጣት ለሚቸግረው ሰው የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ያኔውኑ አዝዞ ነበር። ሀገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ያጸደቀችውም በ2002 ዓ.ም. ነው። አንዳንዱ ባለሕንፃ ራምፕ፣ ማለትም ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት፣ ሠራሁ ይላል፤ የሠራው ግን ዳገት ነው። የተለመደው የከፍታና የርዝመት ልክ 1 ለ12 ነው። 15 ሳንቲሜትር ከፍታ ላለው አንድ ደረጃ 1 ሜትር ከ80 ርዝመት ማለት ነው። ይህን ያህል ቦታ ለማስታወቂያ ሰሌዳ የሰጠ ሰው "ቦታ የለም" ሲል አላምነውም። ጥበቃዎቹ "ተሸክመን እናስገባሃለን" ይሉታል። በቅንነት ነው የሚሉት። እሱ ግን የመጣው ሸሚዝ ሊገዛ ነው፤ የማያውቃቸው ሰዎች እንዲሸከሙት አይደለም።

የኦንላይኑን ችግር ለመፍታት ሲሚንቶ እንኳን አያስፈልግም። የሞከርኩት አንድ የመገበያያ አፕ ላይ ጣቴን ባሳረፍኩ ቁጥር "በተን" ብቻ ይለኛል። የሠሩት ልጆች ለበተኖቹ ስም አልጻፉላቸውም። ይግዛው ይሰርዘው በምን ላውቅ? ገንዘብ ያለበትን ነገር በግምት አልነካም፤ ዘግቼው ወጣሁ። ከባንክ የሚመጣልኝ ኤስኤምኤስ ግን ስንት እንደወጣና ስንት እንደቀረኝ ቁልጭ አድርጎ ይነግረኛል። ማንም ለእኔ ብሎ አልሠራውም። ጽሑፍ ስለሆነ ብቻ የሂሳቤን ምስጢር ለራሴ ይዤ እኖራለሁ።

ማታ ላይ ለሌላ ሻጭ ጻፍኩላት። ማየት እንደማልችል፣ ስልኬ ግን ጽሑፍ እንደሚያነብልኝ ነገርኳት፤ ዓይነቱን፣ ቁጥሩንና ዋጋውን ከፎቶው ሥር ብትጽፍልኝ ብዬ ለመንኳት። "እሺ ወንድሜ፣ ይሄማ ምን ችግር አለው" የሚል የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ትንሽ ቆይቼ ቻናሉን ስከፍተው ቶክባክ እንዲህ ሲል አነበበልኝ፦ "የወንድ ጥቁር የቆዳ ጫማ፣ ማሰሪያ የሌለው፣ ሶሉ ጎማ፣ ከ40 እስከ 44፣ 3,500 ብር።"

42ን አዘዝኩ። የሴቶቹን ነገ እንደምትጽፍ ነግራኛለች። እህቴም ጫማ ስለምትፈልግ ሊንኩን ላኩላት።